ከጊዜው አስቀድሞ ስለ ተሰማ ዘፈን

ሰው ጠላቱን ሲበድል ብዙ ጊዜ ዐውቆ ነው፤ የሚወደውን ሲበድል ግን ሳያውቅ፣ እንዲያውም የወደደ እየመሰለው ነው። እኔም ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ የምጽፈው ከ20 ዓመት በላይ ስወደው በኖርሁት አንድ የሙዚቃ ጓድ ላይ ስለ ሠራሁት በደል ነው። የጓዱን ስም አልጠራም። ምክንያቱንም አንባቢ እስከ መጨረሻው ከታገሠኝ ራሱ ይረዳዋል። ነገሩ ስለ አንዲት ሲዲ ስለ ሆነ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በገዛ ቤቴ፣ በባለቤቴና በልጄ ፊት የተመዘንሁበት ነገር ስለ ሆነ ለእኔ ትንሽ አልሆነልኝም።

አስቀድሜ ስለ ከተማዬ ጥቂት ልናገር። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ አዲስ አበባ ለመግባት ግን እስከ 1909 ዓ.ም. ቈየ። ከዚህም የተነሣ ጨርቁም ሽቶውም ራዲዮኑም ሸክላውም ከባሕር ሲመጣ እኛን ሳይጐበኝ አያልፍም ነበር። በከዚራ የጥላ ዛፎች ሥር የሚሰማው ዘፈን ሌላ ነው፤ ደቻቱን ተሻግረው ወደ መጋላ ሲገቡ የሚሰማው ደግሞ ሌላ ነው። ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው፣ ሐረሪኛው፣ ዐረብኛውና አማርኛው ባንድ መንገድ ላይ ይገናኛል። ዓሊ ቢራ የተወለደው በዚችው ከተማ ነው፤ ገና በልጅነቱ አፍረን ቀሎ ከተባለው የሙዚቃ ጓድ ገብቶ መዝፈን ጀመረ፤ ኋላም ባንድ ቋንቋ ሳይወሰን በብዙ ቋንቋ ሲዘፍን ኖሮ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ዐረፈ፤ የተቀበረውም እዚሁ ድሬዳዋ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ያደገ ሰው ጆሮው ቢቀብጥ አይፈረድበትም።

እኔ ወጣት ሳለሁ ዘፈን የሚገዛው በሸክላ ነበር። ባገራችን ሸክላ የማሳተሙ መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ሆኖ ሲኖር፣ አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ ይህን ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ወደ ሕንድ አገር ልኮ አሳተመ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም ከ100 በላይ ሸክላዎችን አወጣ። ከዚያ በኋላ ሸክላው እየቀረ ካሴት ተተካ። ካሴት ርካሽ ነው፤ ድሀውም ባለጠጋውም ይገዛዋል፤ ባቡር ላይ ይጫናል፤ በጭነት መኪና ውስጥ ይዘፍናል። ነገር ግን ካሴት አንድ ጥፋት ይዞ መጣ። ሸክላን ማንም በቤቱ ሊያትም አይችልም፤ ካሴትን ግን ሁለት ማጫወቻ ያለበት ቴፕ ያለው ሰው ሁሉ ሲያባዛው ያድራል። ከቅጂው ቅጂ፣ ከዚያም ሌላ ቅጂ ሲወጣ ድምፁ እየሳሳ፣ እንደ ነፋስ ያለ ሹክሹክታ እየበዛበት ይሄዳል። እኛም ያንን ሹክሹክታ ለምደነው የዘፈኑ ክፍል መስሎን ነበር።

የሙዚቃ ቤቶቹ፣ እንደ አምባሰልና እንደ ኤሌክትራ ያሉት፣ ለዘፋኙ ገንዘብ ከፍለው ሥራውን ያወጣሉ፤ በወጣ በሳምንቱ ግን ቅጂው በየመንገዱ በርካሽ ይሸጣል። ነገሩ እየከፋ ስለ ሄደ በ1995 ዓ.ም. ሙዚቀኞች ሕግ ካልወጣልን አዲስ ሥራ አናወጣም ብለው ለወራት ዝም አሉ። እኔም ያንጊዜ እጅግ አዝኜ ነበር፤ ያዘንሁት ግን ለእነርሱ አልነበረም፤ አዲስ ዘፈን አጣሁ ብዬ ለራሴ ነበር። በማግስቱ ዓመት በ1996 ዓ.ም. የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410 ወጣ። ዐዋጁ ሲወጣ ሆን ብሎ መብቱን የጣሰውን ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣ ነበር። እኔ የጉምሩክ ሠራተኛ ነበርሁና ዐዋጁን አንብቤዋለሁ። ማንበብና ማክበር ግን አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ጓዱ ልመለስ። እነዚህን ሙዚቀኞች ያወቅኋቸው ካሴታቸው በሠርጌ ቀን በ1975 ዓ.ም. ሲዘፈን ነው። የወደድሁላቸው ከሁሉ ይልቅ የትንፋሽ መሣሪያቸውን ነበር። በዚያ ዘመን በሰዓት እላፊ ምክንያት የሌሊቱ ጨዋታ እየቀረ፣ ትራምፔትና ሳክስፎን የሚነፉት እየተበተኑ፣ በቦታቸው ኪቦርድ ይተካ ጀምሮ ነበር። እነዚህ ግን ሁለቱን ነፊዎቻቸውን እስከ መጨረሻ አልለቀቁም። አዲስ ካሴት ባወጡ ቍጥር እኔ ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ ነበርሁ። ካሴቶቹንም በአንድ የእንጨት ሣጥን በዓመታቸው ደርድሬ አኖራቸው ነበር።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞላ። ያ ደረቅ አሸዋ ሁነን የምንረግጠው፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ወንዝ፣ ከተራራው ላይ በዘነበው ዝናብ ተነሥቶ ሰፈሮችን ጠረገ። ከ200 የሚበልጥ ነፍስ ጠፋ። የእኔ ቤተ ሰብ ተርፏል፤ ወደ ዕቃ ቤታችን የገባው ውሃ ግን ሣጥኑን አግኝቶት ነበር። ስንከፍተው ካሴቶቹ በደለል ተሞልተው ጥብጣባቸው እንደ ጥቍር ሣር ተንጠልጥሎ አገኘነው። ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን በሚቀብሩበት ቀን ስለ ካሴት ማዘን ነውር ስለ ሆነ ለማንም አልተናገርሁም። ልጄ ግን አይቶኝ ነበር።

ያ ጓድ ለብዙ ዓመት ዝም ካለ በኋላ በሦስተኛው ሺሕ ዓመት መባቻ፣ በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አዲስ አልበም ሊያወጣ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ባገሩ ሁሉ ለሚሌኒየሙ በዓል ዘፋኙ ሁሉ በሚዘጋጅበት ጊዜ ነበርና እኔም ቀኑን እየቈጠርሁ ጠበቅሁ። ከበዓሉ በፊት በአንድ የቅዳሜ ማታ ልጄ ፊቱ በደስታ በርቶ ገባና ምንም ጽሕፈት የሌለባት አንዲት ሲዲ በመዳፌ ላይ አኖረልኝ።

«አባባ፣ ያንተ ሰዎች ናቸው። ገና አልወጣም። በከተማው ውስጥ ካንተ በፊት የሰማው ዐሥር ሰው አይሞላም» አለኝ። የገዛትም ከአንድ መንገድ ላይ ሻጭ በ10 ብር ነው።

አንባቢ ሆይ፤ እኔ በጉምሩክ ሳለሁ ዕቃ ይዞ የሚመጣውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው «ደረሰኝህ የታለ?» ብዬ ነበር። ይህች ቃል አፌን ስለ ለመደችው በቤቴ ሳይቀር ልጆቼ ይቀልዱብኛል። በዚያች ማታ ግን ቃሏ ጠፋችብኝ። የልጄ ፍቅር ደስ አሰኘኝ፤ ከሰው ሁሉ ቀድሜ መስማቴም አኰራኝ። ባለቤቴ ቡናዋን እየቈላች ነበር፤ ከጭሱ ውስጥ ቀና ብላ አየችንና «ደረሰኙስ?» አለች። ልጄ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። እርስዋ ግን አልሣቀችም።

ሲዲዋን አስገብተን ሰማን። ዐሥሩም ዘፈን እስኪያልቅ ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም። ያን ማታ የተሰማኝን ሳልደብቅ ልናገር። በመጀመሪያው ዘፈን ላይ የሚነፋ ሳይሆን የሚጫን ትራምፔት ሰማሁ፤ ኪቦርድ ነው። ከበሮው እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የሰው እጅ የለበትም። የዘፋኙም ድምፅ ከኋላ፣ ከመጋረጃ ወዲያ እንዳለ ሰው ርቆ ይሰማል። በአራተኛው ዘፈን ላይ ግጥሙ እኩል ሳይደርስ ቀርቶ በእንጕርጕሮ ብቻ ያልፋል። ከመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዘፈኖች ስለ አዲሱ ሺሕ ዓመት የተዘፈኑ ሲሆኑ፣ ማንኛውም ዘፋኝ ሊዘፍናቸው የሚችል፣ በዓል ደርሶብኛል ብሎ የቸኰለ ሰው ሥራ መሰሉኝ።

ጨርሼ ዝም ስል ልጄ ፊቴን እያየ «እንዴት ነው?» አለኝ። «ሞተዋል፤ እንደ ሌሎቹ ሆነዋል» ብዬ መለስሁለት። የልጁ ፊት እንዴት እንደ ወደቀ አሁንም ትዝ ይለኛል። ያመጣልኝ ስጦታ የጠፋውን ሣጥኔን እንዲተካልኝ ነበርና።

ጥርጣሬዬን በልቤ ይዤው ብቀር መልካም ነበር። ነገር ግን ከሰው ቀድሞ የሰማ ሰው፣ ቀድሞ መስማቱን ካልተናገረ የሰማ አይመስለውም። በማግስቱ እሑድ በአንድ ወዳጄ ቤት ለቡና ስንሰበሰብ የጓዱ ነገር ተነሣ፤ እኔም እንደ ዳኛ ተቀምጬ ፍርዴን ሰጠሁ። ነፊዎቹ እንደሌሉ፣ ዘፋኙ እንደ ደከመ፣ ገንዘብ ማባከን እንደማይገባ ተናገርሁ። እነርሱም አመኑኝ። በዚያ ሰፈር ስለዚያ ጓድ የእኔን ያህል የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ሁሉም ያውቃልና። ደግሞ ድሬዳዋ አንቱታ እንደማታበዛ ሁሉ ወሬም አታቈይም፤ ቃሌ እኔ ከቤቴ ሳልደርስ ከዚራ ደርሳ ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ፣ ለሥራ ካዲስ አበባ የመጣ አንድ ሙዚቀኛ በአንድ ግብዣ ላይ ከጎኔ ተቀመጠ። የዚያ ጓድ አባል አይደለም፤ የስቱዲዮን ሥራ ግን ያውቃል። እኔም ዕውቀቴን ላሳየው ብዬ ስለ ኪቦርዱ ትራምፔት ነገርሁት። ሰውየው በትሕትና አዳመጠኝና «ጋሼ፣ የሰሙት የትኛውን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው አልገባኝም። ከዚያ በኋላ አንድ አልበም እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ አስረዳኝ።

ሙዚቀኞች በስቱዲዮ ሁሉም ባንድ ጊዜ አይቀረጹም። አስቀድሞ ምቱ ለመምሪያ ብቻ በመሣሪያ ይቀመጣል፤ ዘፋኙም ሌሎቹ እንዲከተሉት ለጊዜው ያህል፣ ግጥሙ ያልሞላ እንደ ሆነም እያንጐራጐረ ያልፋል። ትራምፔትና ሳክስፎን የሚገቡበት ቦታ እንዳይጠፋ አቀናባሪው ዜማውን በኪቦርድ ያኖረዋል። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ነፊዎቹና እውነተኛው ድምፅ በየተራ ከተቀረጹ በኋላ እያንዳንዱ ድምፅ ተመዝኖ ይደባለቃል፤ የትኛው ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንዲሆን የሚወሰነው በዚህ ጊዜ ነው። በመጨረሻ ዐሥሩም ዘፈን ባንድ ልክ ይስተካከልና ለማተሚያ ይሰጣል። በየመካከሉ ግን ሙዚቀኞቹ በቤታቸው እየሰሙ እንዲያርሙት ያላለቀ ቅጂ ይወጣል። ከዚህ ቅጂ አንዱ ከእጃቸው ከሾለከ፣ የሚሰማው ሰው የሚያየው ሙሽራዋን ሳይሆን ገና ስትለካ ያለችውን ቀሚስ ነው።

«እርስዎ የሰሙት ምናልባት መምሪያውን ይሆናል» አለኝ ሰውየው። ከዚያ በኋላ ያቀረቡልኝን ምግብ ጣዕሙን አላውቀውም።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚሆን አይደለም። ራዲዮሄድ የሚባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ «ሄይል ቱ ዘ ቲፍ» የተባለውን አልበሙን በፈረንጆች ቍጥር በ2003 ሲያወጣ፣ ገና ተደባልቆ ያላለቀው ቅጂ ከመውጫው 10 ሳምንት ያህል አስቀድሞ በኢንተርኔት ተበትኖ ነበር። ያልተጠናቀቀው ሥራቸው በመሰማቱም ሙዚቀኞቹ አዝነዋል። የአልበሙ ስም በእኛ ቋንቋ «ለሌባው ክብር ይሁን» እንደ ማለት መሆኑ የሚያስገርም ነው። እውነቱን ላለማጓደል ግን ተቃራኒውንም መናገር ይገባኛል። የዚሁ ጓድ «ኪድ ኤ» የተባለው አልበም በ2000 እንደዚሁ አስቀድሞ ሾልኮ ሳለ በአሜሪካ ገበያ አንደኛ ሆኖ ተሸጧል። ሾልኮ መውጣት ሁልጊዜ ሻጩን ያከስራል ማለት አይቻልም። ነገር ግን የአንድ ትልቅ አገር ገበያ የሚችለውን የእኛ ትንሽ ገበያ አይችለውም።

የዚህን እውነትነት ያየሁት በዓይኔ ነው። አልበሙ በተባለው ቀን ወጣ። እኔም ጠዋት ወደ ከዚራ፣ ካሴትና ሲዲ ወደምገዛበት ሱቅ ሄድሁ። ባለሱቁ የቈየ ወዳጄ ነው። «የእነርሱን ስጠኝ» ብለው «ጋሼ፣ አልቋል» አለኝ። እንዴት በመጀመሪያው ቀን ያልቃል ብዬ ብገረም፣ እያፈረ እንዲህ ሲል ነገረኝ፤ «100 ላዝዝ አስቤ ነበር፤ ኋላ ግን አንተ እንኳ አልወደድኸውም ሲሉ ሰማሁና 20 ብቻ አስመጣሁ። 20ው ከሰዓት በፊት አለቀ። አሁን የሚመጣውን ሰው ሁሉ እመልሳለሁ፤ እነርሱም ከዚህ ወጥተው ከመንገድ ላይ ቅጂውን ይገዛሉ።»

አንባቢ ሆይ፤ እስኪ አስበው። የ80 ሰው ገንዘብ ወደ ሙዚቀኞቹ የሚሄደው መንገድ የተዘጋው በሌባ ብቻ አይደለም፤ በእኔ ቃል ነው። ሌባው 10 ብር ወሰደ፤ እኔ ግን በወዳጅነት ያገኘሁትን መታመን ይዤ ከሌባው ጋራ ቆምሁ። የመንገዱ ሻጭ ባላወቀኝ ነበር፤ ብርቱ ረዳቱ ግን እኔ ነበርሁ።

ለራሱ ካስቀራት አንዲት ሲዲ ነበረችው፤ እስዋን ለምኜ ገዛሁ። ደረሰኝም አስጻፍሁ። ማታ ባለቤቴና ልጄ በተቀመጡበት አስገባኋት። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር ሁለቱ ነፊዎች ገቡ። እነዚያው ናቸው፤ ትንፋሻቸው ይሰማል፤ በሐረጉ መጨረሻ ላይ ትራምፔቱ ጥቂት ይዘገያል፤ ያን መዘግየት ከ1975 ጀምሮ ዐውቀዋለሁ። ከበሮውን ሰው ይመታዋል። የዘፋኙ ድምፅ ከመጋረጃው ወዲህ መጥቶ ከክፍላችን ውስጥ ቆሟል። በእንጕርጕሮ ያለፈው አራተኛው ዘፈን ግጥሙ ሞልቶ ከሁሉ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቴ ሥራዋን ትታ ሰማችው።

ይሁን እንጂ ጥርጣሬዬ ሁሉ ሐሰት ነበር ብል እዋሻለሁ። ስለ ሺሕ ዓመቱ የተዘፈኑት ሁለቱ ከታረሙም በኋላ ያው ናቸው፤ በዓሉ ሲያልፍ አብረው አለፉ፤ ዛሬ የሚያስታውሳቸው ሰው አላገኝም። የዘፋኙም ድምፅ ከፊት ቢመጣም የ1975ቱ አይደለም፤ ከፍ ማለት ሲገባው ዝቅ ብሎ ያልፋል። እንግዲህ ከጠረጠርሁት ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስሕተት ሆነ። ነገር ግን ልክ የሆነውም ቢሆን በዚያች ማታ ልክ መሆኑን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ዳኛ ማስረጃውን ሳያይ ፈርዶ ፍርዱ እውነት ቢሆንለት፣ ዕድለኛ ይባላል እንጂ ፍርድ ዐዋቂ አይባልም።

ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ገባኝ። እኔ በዚያች ሲዲ ውስጥ ስፈልግ የነበረው አዲስ ዘፈን አልነበረም። ደለል የገባበትን ሣጥኔን ነበር። እነርሱ 25 ዓመት ሲያረጁ እኔም አብሬ አርጅቻለሁ፤ የእኔን ሽበት በመስተዋት እያየሁ የዘፋኙን ጕሮሮ ግን ለምን አረጀ ብዬ ተቈጣሁት። የቈየ አድማጭ ለወደደው ሰው ከአዲሱ አድማጭ ይልቅ ጨካኝ የሚሆነው ስለዚህ ይመስለኛል። አዲሱ ሰው ዘፈኑን ከዘፈን ጋራ ያስተያየዋል፤ እኛ ግን ከወጣትነታችን ጋራ እናስተያየዋለን።

ልጄ ያንጊዜ ዝም ብሎ አልተረታልኝም። «አባባ፣ አምሐ እሸቴም እኮ ሕግ ጥሶ ነው ሸክላ ያሳተመው። አንተ እርሱን ታመሰግናለህ፤ የመንገዱን ሻጭ ግን ሌባ ትለዋለህ» አለኝ። መልካም ጥያቄ ስለ ሆነ አንድ ሌሊት አሳደርሁት። በማግስቱ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፤ አምሐ የጣሰው የማሳተምን መብት ላንድ ቤት ብቻ የሰጠውን ሥርዐት ነው፤ ያሳተመውም በዘፋኙ ፈቃድ፣ በራሱ ገንዘብ ነው፤ ድምፅ የሌለውን ዘፋኝ ድምፅ ሰጠው። የመንገዱ ሻጭ ግን ከራሱ ምንም ሳያወጣ፣ ዘፋኙ ገና ይሁን ያላለውን ሥራ ሸጠ። አንዱ በር ከፈተ፤ ሌላው በመስኮት ገባ። ዐዋጁም ቢሆን ይህን ልዩነት ያውቃል። ሰው ለገዛ ራሱ መገልገያ አንዲት ቅጂ ብቻ እንዲያደርግ የሚፈቅደው ለሕዝብ ከወጣ ሥራ ላይ ነው፤ ካልወጣ ሥራ ላይ ግን አይፈቅድም። ያልወጣ ሥራ እንደ ግል ደብዳቤ ነውና፤ ጸሐፊው አሽጎ ሳይልከው የሚነበብ ደብዳቤ የለም።

ልጄም ሰምቶ «እንግዲያስ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ። «አንተ በ10 ብር አጠፋህ፤ እኔ ግን በስሜ አጠፋሁ» አልሁት። በሚቀጥለው እሑድ ሲዲዋን ይዤ ወደዚያ ወዳጄ ቤት ሄድሁ። በዚያው ቡና፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት፣ የተሳሳትሁትን አንድ በአንድ ተናገርሁ፤ ልክ የሆነውንም አልደበቅሁም። አንዳንዱ ሣቀብኝ። ባለሱቁ ከዚያ በኋላ 50 ጨምሮ አዘዘ፤ ሁሉም ተሸጠ። ከ30 ገዢዎች ያጐደልሁትን ግን የት እመልሰዋለሁ?

ዛሬ ነገሩ ሁሉ ተለውጧል። በ2007 ዓ.ም. ዐዋጁ ተሻሽሎ ሙዚቀኞች ማኅበር አቁመው ስለ ሥራቸው አገልግሎት ክፍያ የሚሰበስቡበት መንገድ ተጨመረበት። ካሴቱ ቀርቷል፤ ሲዲውም ከገበያ እየጠፋ ነው፤ ዘፈን በስልክ ውስጥ ይገባል። ሾልኮ የወጣ ዘፈን ዱሮ ከተማውን ለመዞር ሳምንት ይፈጅበት ነበር፤ አሁን ቡና እስኪፈላ ዓለምን ይዞራል። የልጅ ልጄ አንዳንድ ጊዜ ስልኩን ይዞ «አያቴ፣ ገና ያልወጣ ዘፈን ላሰማህ?» ይለኛል። እኔም «ይውጣና አብረን እንሰማዋለን» እለዋለሁ። አባቱ ከጎን ሆኖ «ደረሰኙስ?» ይላል፤ ሁላችንም እንሥቃለን፤ አሁን ባለቤቴም ጭምር ትሥቃለች።

እንግዲህ በየቤታችሁ ሙዚቃ የምትወዱ ሁሉ፣ የምመክራችሁ ብዙ አይደለም። የወደዳችሁትን ሰው ሥራ መጠራጠር ኃጢአት አይደለም፤ ጥርጣሬ የሌለበት አድማጭ ሠሪውን አይረዳውም። ነገር ግን ሥራው እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ዋጋውን ክፈሉ፤ እስከ መጨረሻው ስሙ፤ ከዚያ በኋላ ያልወደዳችሁትን ሳትፈሩ ተናገሩ። ይልቁንም በሰው ዘንድ የምትታመኑ፣ ቃላችሁ ክብደት ያለው ሰዎች፣ ስለ ሌላው ሰው እንጀራ ስትናገሩ ቃላችሁን መዝኑ። የጓዱን ስም ያልጠራሁትም ስለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ያለ ጊዜው ስማቸውን አንሥቼ በደልኋቸው፤ ሁለተኛ ስለ ጥፋቴ ስናገር የእነርሱን ስም ከዚያ ከሾለከ ቅጂ ጋራ ዳግመኛ ማገናኘት አይገባኝም።

ያች ሲዲ አሁንም አለች። በሽፋኗ ውስጥ ያኖርሁት የባለሱቁ ደረሰኝ ቀለሙ ደብዝዟል፤ ቍጥሩ ግን ገና ይነበባል።